«ያችን ታሪክ ድገሚልን»፦ ቤተሰብ የሚያውቀውን ታሪክ ለምን ይደጋግማል?

(በሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ለወላጆችና ለአያቶች የቀረበ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የተጻፈ።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንደ ልጆቼ የማያችሁ ወጣቶች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፊተኛው ረድፍ የተቀመጣችሁ አያቶቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ? እሑድ ከሰዓት በኋላ ለቅሶ የሚደረስበት፣ ማኅበር የሚጠጣበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። ያን ሁሉ አቻችላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። በቤታችሁ ቢያንስ 20 ጊዜ የሰማችሁት ታሪክ ያላችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አያችሁ፣ እጁን ያላወጣ ሰው የለም ማለት ይቻላል። አሁን ደግሞ ያንኑ ታሪክ ለ21ኛ ጊዜ ብትሰሙት ደስ የሚላችሁ እጃችሁን እንዳታወርዱ። ይኸው፣ የወረደው እጅ ጥቂት ነው። እዚህ ፊት ለፊቴ ያሉት እናት እንዲያውም ሁለቱንም እጃቸውን አውጥተዋል።

ይህ ነገር አይገርማችሁም? ወሬ አንዴ ከተሰማ ያረጃል። ትናንት የሰማነውን ዜና ዛሬ ሊነግረን የሚጀምረውን ሰው «ሰምቼዋለሁ» ብለን እናቋርጠዋለን። የቤተሰብ ታሪክ ሲሆን ግን መጀመሪያውንም መጨረሻውንም፣ ማን ምን እንዳለና መቼ እንደሚሳቅ እያወቅን፣ «እስቲ ያችን ታሪክ ድገሚልን» እንላለን። ለምን? የምናውቀውን ነገር ለምን እንደ አዲስ እንጠይቃለን?

ስለ ሦስት ነገሮች እናገራለሁ። መጀመሪያ፣ ልጆች ታሪክ እንዲደገምላቸው የሚወዱት ለምን እንደሆነ፤ ቀጥሎ፣ የሚደገም ታሪክ ለሰው በቤተሰቡ መካከል እንዴት ስፍራ እንደሚሰጠው፤ በመጨረሻም፣ ያው ታሪክ ያው ሆኖ የማይቀረው ለምን እንደሆነ። በሦስተኛው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ይህን ንግግር እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ እርሱ ነውና። ከሁሉ በፊት ግን የኛን ቤት ታሪክ ልንገራችሁ።

አያቴን «እምዬ» ነበር የምንላት። ደብረ ብርሃን ከተማ ጠላ እየጠመቀች አምስት ልጆች ያሳደገች ሴት ነበረች። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዕድሜዋ ከ50 አልፎ ነበር። ይህ ዘመቻ በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች እስከ ማስተማር የደረሰ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ከመካከላችሁም ያስተማረ ወይም የተማረ አይጠፋም። እምዬ ቀን ጠላዋን ስትሸጥ ትውልና አመሻሹ ላይ ደብተሯን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ትሄዳለች። አስተማሪዋ ልጇ ሊሆን የሚችል ተማሪ ነበር። ስሟ አምስት ፊደል ነው፤ መጨረሻው «ሽ» ነው። ያን አምስት ፊደል አስተካክላ እስክትጽፍ ወራት ፈጀባት።

አንድ ቀን የስኳር ራሽን ለመቀበል በቀበሌው ሱቅ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ መዝገብ የያዘው ሠራተኛ እንደ ወትሮው የጣት ቀለሙን ገፋ አደረገላት። እምዬ አውራ ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችና «እስክሪብቶውን አምጣው» አለችው። ሰልፉ ቀጥ አለ። አቀርቅራ የመጀመሪያዋን ፊደል ጻፈች። ሁለተኛዋን ጻፈች። ሦስተኛዋን ጻፈች። ፊደሎቿ ሰፋፊ ነበሩ፤ የፊርማው ቦታ ደግሞ የገጹ ጠርዝ ላይ ስለነበር አራተኛዋ ላይ ወረቀቱ አለቀ። ሠራተኛው «ይበቃል እማማ፣ ይታወቃል» አላት። እምዬ ቀና እንኳ ሳትል «ሽ»ን ጠረጴዛው ላይ ጻፈቻት። ከዚያም እስክሪብቶውን መለሰችና «አሁን ስኳሬን መዝን» አለችው።

ታሪኩ ይህ ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። ጦርነት የለበትም፣ ታላቅ ሰው የለበትም። እኛ ቤት ግን ይህ ታሪክ ሳይነሣ ፋሲካ አይፈሰክም ነበር። የምትነግረን አክስቴ ናት፤ ያን ዕለት ከእናቷ ኋላ ተሰልፋ ነበር። አጎቴ አንድ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ያቋርጣታል። ሠራተኛው «እማማ» ነው ያላት ይላል እርሱ። አክስቴ ደግሞ «እናቴን በዚያ ዕድሜዋ ማን እማማ ይላታል? እትዬ ነው ያላት» ትላለች። ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ እንዲፈታም የሚፈልግ የለም። እኔ ዛሬ «እማማ» ብዬ የነገርኳችሁ አጎቴ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላሉ አክብሬያቸው ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። እኛ ልጆቹ ይህን ታሪክ ስንሰማ ዝም ብለን አልነበረም። አክስቴ ቸኩላ «ስሟን ጻፈች» ብላ ልታልፍ ከሞከረች «አይደለም! ፊደል በፊደል!» ብለን እንጮሃለን። እርሷም ተመልሳ «የመጀመሪያዋን ጻፈች፣ ሁለተኛዋን ጻፈች» ትላለች። መጨረሻው ሲደርስ «ሽ!» የምንለው ሁላችንም በአንድ ድምፅ ነው።

በትናንሽ ክፍሎች 26 ዓመት አማርኛ ሳስተምር ይህንኑ አይቻለሁ። አዲስ ተረት ሳመጣ ልጆች ያዳምጣሉ፤ የሚያውቁትን ተረት ስጀምር ግን ከወንበራቸው ይነሣሉ። እንግሊዝ አገር በሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄሲካ ሆርስትና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ ለ3 ዓመት ልጆች አዳዲስ ቃላት ያሉባቸውን ታሪኮች አነበቡላቸው። አንዱ ወገን ያንኑ ታሪክ ደጋግሞ ሰማ፤ ሌላው ያንኑ ቃል በተለያዩ ታሪኮች ውስጥ ሰማ። ቃሉን የሚሰሙበት ብዛት እኩል ሆኖ ሳለ፣ ቃሉን ይዘው የተገኙት ያው ታሪክ የተደገመላቸው ልጆች ናቸው። ልጅ ቀጥሎ የሚመጣውን ሲያውቅ ልቡ ያርፋል፤ ያረፈ ልብ ደግሞ አስቀድሞ ያላየውን ማየት ይጀምራል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያለ ጥናት ያውቁት ነበር። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የመሠረት» ካላለ ተረቱ አይጀመርም። በሌላው ሰፈር መልሱ «የላም በረት» ነው። ያም ሆነ ይህ አድማጭ ካልመለሰ ነጋሪው አፉን አይከፍትም። ተረቱ ሲያልቅስ ምን ይላል? «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ግን ልብ ብለነዋል? ነጋሪው የሰጠውን መልሱልኝ ነው የሚለው። ተረት እንደ ብድር ነው፤ ዛሬ የሰማ ነገ ሊናገር ይገባዋል። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ፣ በመስተዋት ማዶ ሆነው እንኳ ልጆቹን ይጠይቁ ነበር፤ እኛም በየቤታችን ሆነን እንደሚሰሙን አምነን እንመልስላቸው ነበር። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጅም አዋቂም ያዘነው፣ እንደ ቤተሰብ አብረናቸው መልሰን ስላደግን ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነጥቤ ስፍራ ነው። ልጅ «እኔ ማን ነኝ?» ብሎ ሲጠይቅ በቀጥታ የሚመልስለት የለም፤ መልሱን የሚያገኘው በቤቱ ከሚነገረው ነው። በአትላንታ ከተማ በኢሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ማርሻል ዱክና ሮቢን ፊቩሽ እ.ኤ.አ. በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በዚህ ላይ ጥናት አድርገዋል። መነሻቸው የዱክ ባለቤት የታዘበችው ነገር ነበር፤ የመማር ችግር ካለባቸው ልጆች ጋር ስትሠራ፣ ስለ ቤተሰባቸው ብዙ የሚያውቁት ልጆች ፈተናን በተሻለ እንደሚወጡ አስተዋለች። ተመራማሪዎቹም 20 ጥያቄዎች አዘጋጁ። አያቶችህ የት እንዳደጉ ታውቃለህ? እናትህና አባትህ የት ተገናኙ? አንተ ስትወለድ ምን ሆነ? በቤተሰባችሁ ላይ የደረሰ ክፉ ነገር ታውቃለህ? ብዙውን የመለሱ ልጆች በራሳቸው የሚተማመኑና ኑሯቸውን በእጃቸው እንደያዙ የሚሰማቸው ሆነው ተገኙ። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ ነገር አለ። ጥያቄዎቹን ጽፎ ለልጅ እንደ ፈተና ማስጠናት ፋይዳ የለውም፤ ዱክ ራሱም ይህን አስረድቷል። ልጁን ያጸናው፣ መልሱን እስኪያውቅ ድረስ ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጦ ያሳለፈው ጊዜ ነው።

እኛስ? እኛ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝብ ነን። ቆጠራው ግን ባዶ ስም ብቻ ከሆነ ልጅ አይዘውም፤ ከየስሙ ጋር «እርሱ እኮ ያ» የሚባል ታሪክ ሲኖር ነው የሚይዘው። ስሞቻችን ራሳቸው አጫጭር ታሪኮች አይደሉም እንዴ? ምትኩ ከተባለ ልጅ በፊት የሞተ ልጅ አለ። ማስረሻ ከተባለ የሚረሳ ኀዘን አለ። ስንታየሁ ከተባለ እናቲቱ ያየችው አለ። ልጁን በጠራነው ቁጥር ያን ታሪክ እየደገምነው ነው፤ ልጁ ግን የስሙን ታሪክ ያውቀዋል? ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቁት።

ስፍራ የሚሰጠው ለተወለደ ብቻ አይደለም። የወንድሜ ሚስት ወደ ቤታችን በገባች በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ ለፋሲካ ተሰብስበን አጎቴ ታሪኩን ሲናገር የጣቱን ነገር ዘለለው። እርሷ ሳታስበው «አይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ጣቷን ነው የደበቀችው!» አለች። ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለ። እምዬን በሕይወት አላየቻትም፤ ታሪኩን ግን ታርማለች። አክስቴ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሄዳ ሳመቻት። ሰርጓ ከተደገሰ ሦስት ዓመት ቢሆነውም፣ የቤቱ ልጅ የሆነችው ያን ዕለት ነው እላለሁ።

እምዬ ባረፈች በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ከጎረቤት የመጡ አንዲት አሮጊት «ሽ ጠረጴዛው ላይ ቀረች እኮ» አሉና ማልቀስ ጀመሩ። ቤቱ ሙሉ እያለቀሰ ሳቀ። ለዓመታት የደጋገምነው ታሪክ ያን ዕለት ከብዙ ማጽናኛ ቃል ይልቅ ደገፈን።

ሦስተኛው ነጥቤ ጋ ደረስኩ። ያው ታሪክ ያው ሆኖ አይቀርም። ይህ የሚሆነው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የሚታወቅ ነው፤ ተናጋሪው ይለውጠዋል። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት፣ የሙከራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1932 በታተመው ሥራው፣ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችን አንድ ታሪክ እንግሊዛውያን እንዲያነቡና ከጊዜ በኋላ እንዲደግሙት አድርጎ ነበር። ሲደግሙት ታሪኩ አጠረ፤ እንግዳ የሆነባቸው ነገር ሁሉ በሚያውቁት ተተካ፤ በባዕዱ ታንኳ ፈንታ የአገራቸው ጀልባ ገባ። በኛም ቤት ይኸው ይሆናል። እህቴ ልጆቿን የምታሳድገው አሜሪካ ነው። ትንሿ ልጇ ታሪኩን ከአክስቴ በስልክ ቪዲዮ ስትሰማ አንድ ነገር ግራ ገባት። በእርሷ ትምህርት ቤት ይህ ድምፅ የሚጻፈው «ኤስ» እና «ኤች» ተብለው በሚጠሩ ሁለት ፊደላት ነውና «ሁለቱም ናቸው ጠረጴዛው ላይ የቀሩት?» ብላ ጠየቀች። አክስቴ ወረቀት አንሥታ «ሽ»ን ጻፈችና ለካሜራው አሳየቻት። ያቺ ልጅ ከፊደል ገበታችን መጀመሪያ የያዘችው ፊደል «ሀ» ሳይሆን «ሽ» ነው።

ሁለተኛው መንገድ ግን ከዚህ ይጠልቃል። ታሪኩ ሳይለወጥ አድማጩ ይለወጣል።

በ7 ዓመቴ ይህ ታሪክ ለእኔ የሚያስቅ ታሪክ ነበር። በ17 ዓመቴ የማትሪክ ቅጽ ስሞላና ስሜን ስጽፍ እጄ ቆመ፤ ያን ጊዜ የኩራት ታሪክ ሆነብኝ። ከ30 ዓመቴ በኋላ፣ እምዬ ካረፈች ቆይቶ፣ ከአክስቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ቡና እንጠጣ ነበር። አቦሉና ቶናው በተራ ጨዋታ አለፈ። በረካው ላይ «ያችን ታሪክ ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ። ስትጨርስ ግን «ጣቷን ለምን እንደደበቀች ታውቃለህ?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ 25 ዓመት ሙሉ «ጣቷን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች» ሲባል ሰምቻለሁ። ራሴም ተናግሬዋለሁ። ለምን እንደደበቀች አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አክስቴ ነገረችኝ። እምዬ በወጣትነቷ፣ አባቷ ሲሞቱ፣ እንደ ወንድሞቿ ሁሉ የርስት ድርሻ ነበራት። አንድ የቅርብ ዘመድ ወረቀት ይዞ መጣ። «የምስክርነት ወረቀት ነው፣ ጣትሽን አሳርፊበት» አላት። አሳረፈች። ወረቀቱ ድርሻዋን የለቀቀችበት ነበር። ዳኛ ፊት ስትቀርብ ወረቀቱን አውጥተው «ይህ ጣትሽ አይደለም?» ብለው ጠየቋት። «ጣቴ ነው» አለች። ሌላ ምን ትላለች? ሁለት ሕፃናት ይዛ ደብረ ብርሃን የገባችውና ጠላ መጥመቅ የጀመረችው በዚህ ምክንያት ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ ያ ወረቀት ዋጋ አጣ፤ የወሰደውም የተወሰደባትም እኩል ሆኑ። እምዬ ግን ስለ መሬቱ አንድ ቀን አንሥታ አታውቅም ነበር አለችኝ አክስቴ። የሚያንገበግባት ጣቷ ነበር።

እንግዲህ ያን ዕለት በስኳር ሰልፍ ላይ ሠራተኛው የገፋላት ቀለም ምን እንደነበረ አስቡት።

ቤተሰብ ታሪኩን ደጋግሞ የሚናገረው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሕፃን ሳለን ያልገባን ነገር በታሪኩ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቀናል። አክስቴ ለ7 ዓመት ልጅ ያን ግፍ ልትነግረው አትችልም፤ ጣቷን መደበቋን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልዘለለችም። እኛ «ፊደል በፊደል» ብለን ስንጮህ፣ እርሷ ጣቷን ስትጠብቅ፣ ታሪኩ ሳይጎድል ለሚገባን ዕድሜ ደረሰ። ታሪኩ አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሮ ቢሆን ኖሮ የቀረልኝ ሳቁ ብቻ ነበር።

ስለዚህ ስለማይነገሩትም ታሪኮች ጥቂት ልበል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ስለሆነው ነገር በብዙ ቤቶች ዝምታ ነው ያለው። ግድግዳ ላይ ፎቶግራፍ አለ፤ ልጁ «ይህ ማን ነው?» ሲል እናት ወደ ጓዳ ትገባለች። መስቀል አደባባይ ባለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን ፎቶግራፎች ስመለከት፣ ከእያንዳንዱ ጀርባ አንድ ያልተነገረበት ቤት ይታየኛል። ዝም ያለን ሰው አናስገድድም፤ ዝምታውም የራሱ ምክንያት አለው። ግን ከመከራው አስቀድሞ የነበረውን፣ ልጁ ምን እንደሚያስቀውና ምን ምግብ እንደሚወድ እንጠይቅ። ምናልባት በዚያ በር የሚገባ ታሪክ ይኖራል።

የተደጋገመ ታሪክ ምን ያህል እንደሚሸከም ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ቤተ እስራኤሎች አሉ። በጎንደር አካባቢ መንደሮቻቸው ስለ ኢየሩሳሌም ለልጅ ልጅ ሲነግሩ ኖሩ፤ ልጆቻቸው ሽመላ ሲያልፍ ባዩ ጊዜ ኢየሩሳሌም ደኅና ናት ወይ ብለው ይጠይቁት ነበር። በ1970ዎቹ ሺዎች በሱዳን በኩል በእግራቸው የተጓዙት አይተውት ወደማያውቁት፣ በታሪክ ብቻ ወደሚያውቁት አገር ነው። በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ሺሕ ሰው አልቋል። ዛሬ እስራኤል ውስጥ የተወለዱ የልጅ ልጆች አያቶቻቸውን ስለዚያ ጉዞ ይጠይቃሉ፤ አንዱ ታሪክ ሌላውን ወለደ ማለት ነው።

እንግዲህ ልለምናችሁ። አያት ታሪክ ስትጀምር «ሰምተነዋል» አትበሉ፤ እናንተም ልጆች፣ እናንተም ትልልቆቹ። ድምፅ በስልክ መቅዳት መልካም ነው፤ እኔም የአክስቴን ቀድቻለሁ። ቅጂው ግን «ጣቷን ለምን እንደደበቀች ታውቃለህ?» ብሎ አይጠይቅም። ደግሞ ታሪኩ ሲያልቅ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ከዚያ በፊትስ?» በሉ። እኔ ይህን ጥያቄ እምዬ በሕይወት ሳለች ጠይቄያት ቢሆን ኖሮ ከራሷ አፍ እሰማው ነበር።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል። ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ቅድም ሁለት እጃቸውን ያወጡት እናት ከንግግሬ እኩሌታ ጀምሮ አንድ ነገር ሊነግሩን እየፈለጉ ነው፤ አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸውም «እማዬ፣ የበቅሎዋን እንዳትነግሪያቸው» ስትላቸው ሰምቻለሁ። እባካችሁ ማይክሮፎኑን አቀብሉልኝ። እማማ፣ የበቅሎዋን ይንገሩን።